የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሁለት ሥራ ይዞ ነበር። የአዳዲስ አባላት የአማርኛ ትየባ ሥልጠና እንደ ዕቅዱ አልቋል። ብዙ የሚወራለት ሌላው ነው፦ የቤተ መጻሕፍታችንን የውሰት መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት።

በአንድ መስመር የተማሪው ስም፣ ሰፈሩ፣ የመጽሐፉ ርዕስና የተዋሰበት ቀን ይጻፋል። በክፍት ቦታ እንዳንለያቸው ከተማችን ደሴ ራሷ ከለከለችን፤ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋ በር የሚባሉት ሰፈሮቿ ባለ ሁለት ቃል ናቸው። ስለዚህ ቁም መስመርን (|) መረጥን።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፈው ቡድን መስመሩን በስፕሊት (ጽሑፍን በመለያያ ምልክት በሚቆርጠው ትእዛዝ) ሲቆርጠው ወዲያው ሠራለት። ጃቫ በሚባለው ሌላ ቋንቋ የሚጽፈው ቡድን ያንኑ ሲያደርግ «ቧንቧ ውሃ» ቧ፣ ን፣ ቧ እያለ ፊደል በፊደል ተበተነ። «ፋይላችሁ ተበላሽቷል» «የናንተ ኮምፒውተር ነው» መባባል መጣ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። የፓይተን ስፕሊት የሰጡትን ምልክት እንዳለ ይወስዳል፤ የጃቫው ግን እንደ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (አንዳንድ ምልክቶች ልዩ ትርጉም ያላቸው የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ያነበዋል። እዚያ | «ይህ ወይም ያ» ማለት ነው። ግራ ቀኙ ባዶ ከሆነ «ባዶ ወይም ባዶ» ይሆናል፤ ባዶ ደግሞ በየፊደሉ መካከል አለ።

ቀኑ ላይ (12.3.2017) ባሰ። ነጥብ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ማንኛውንም ፊደል ትወክላለች፤ ስለዚህ ሁሉም መለያያ ሆነና ባዶ ዝርዝር ተመለሰ። መፍትሔው ከነጥቧ በፊት ባክስላሽ (\) ማስቀደም ነው። በጃቫ ግን ሁለት ይጻፋል (\\.)፤ አንዱን ስትሪንጉ (በጥቅስ ውስጥ የተጻፈው ጽሑፍ) ራሱ ይበላዋል። ይህን ለማስረዳት የጨረስኩትን ጠመኔ የንብረት ክፍሉ ይቅር ይበለኝ! እኔ ለጀማሪ [.] እና [|] ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቅንፉ ውስጥ ሁለቱም ተራ ምልክት ናቸው፣ ዓይንም አያደናግሩም። ^ ግን ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ሲገባ ሌላ ትርጉም ስላለው ለእሱ ባክስላሹን እንጠቀማለን። መለያያው አስቀድሞ ካልታወቀ ፓተርን ኮት (Pattern.quote) የሚባለው፣ የሰጡትን ሁሉ እንደ ተራ ምልክት የሚያስነብበው የጃቫ መሣሪያ ሁሉንም ይሸፍናል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል «አራት ነጥብስ ባክስላሽ ይፈልጋል?» አለችኝ። ። ፣ ፤ ለሬጉላር ኤክስፕሬሽን ልዩ ትርጉም የላቸውም፤ አይፈልጉም። ያስቸገረን አንዳንዱ ተማሪ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮለን (::) መተየቡ ነው፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ፕሮግራሙ ግን አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት :: ወደ ። የሚቀይር መስመር ጨመርን።

መዝገቡ ሥራ ጀምሯል። የቀረው ውሰቱ ያለፈባቸውን ለይቶ የሚያወጣው ክፍል ነው፤ እሱን ለመጪው ዓመት ያቆየነው 12ኛ ክፍሎቻችን ለፈተና ስለገቡ ነው። ከ9ኛ ክፍል አዲስ አባላት እንቀበላለን።