ለጅማ ቤተሰቦች የጥር አውቶቡስ ይመደብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ የምኖር ጡረተኛ ሾፌር ነኝ። በወጣትነቴ ከአሰብ ነዳጅ ስጭን ባሕር አይቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ግን ሐይቅ እንኳ አላዩም። የጅማ ልጅ ቦዬ ረግረግ ዳር ቆሞ ጉማሬ ይመለከታል እንጂ ገብቶ የሚዋኝበት ሰፊ ውሃ በአቅራቢያው የለውም። ላንጋኖና ሐዋሳ የሀብታም ብቻ መዝናኛ መሆን የለባቸውም።

እስቲ ጉዞውን አስቡት። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ቤተሰብ አልጋ ይዞ ያድርና በማግስቱ ቃሊቲ መናኸሪያ እንደገና ይሰለፋል። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ሲሄዱ የደርሶ መልሱ ሒሳብ የአሥር ሰው ነው። ኮንትራት ሚኒባስ የያዘም መኪናው ቆሞ ለሚውልባቸው ቀናት ጭምር ይከፍላል።

ስለዚህ የከተማችን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና የአውቶቡስ ባለንብረቶች ተመካክረው ለመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ከጅማ ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ ሐይቆች ቀጥታ አውቶቡስ ይመድቡልን። ብዙዎች ክረምትን ያነሣሉ፤ እኔ አልስማማም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያስወጣም፣ የወላጅም እጅ ያጥራል፣ በዚያ ላይ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ከፊት ይጠብቃል። በጥር መጨረሻ ግን ቡናው ተለቅሞ ተሸጧል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። አዲስ አበባ መግባትም አያስፈልግም፤ ከወልቂጤ በሆሳዕናና በሐላባ አድርጎ ሻሸመኔ የሚያወጣ መንገድ አለ። የመንገዱ ሰላም አስቀድሞ ይረጋገጥ፣ ጉዞው በቀን ብቻ ይሁን፣ ሁለት ሾፌርም ይመደብ።

ዋጋውን የሚያስወድደው ባዶ መመለስ ነው፤ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን ቤተሰብ ያደረሰው አውቶቡስ ቀድሞ ሄዶ የሰነበተውን ጭኖ ከተመለሰ ሁለቱም ጉዞ ይሞላል፤ ያኔ ለልጆች ግማሽ ሒሳብ ማስከፈል ባለንብረቱን አይጎዳውም። ይህ የሚሳካው ደግሞ የመሄጃውም የመመለሻውም ቀን አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ትኬቱ በቤተሰብ ስም ይቆረጥ፤ ምዝገባውም ከገና በፊት ይከፈት፣ ሰው የቡና ገንዘቡን ሳይበትን እንዲያስቀምጥ።

ጽሕፈት ቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ የማረፊያና የነዳጅ መቅጃ ቦታዎችን ለወጣት ሾፌሮች ለማሳየት ያለ ክፍያ አብሬ እጓዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ሾፌር፣ ከጅማ