የአውቶሞቲቭ ክበብ ዘገባ፦ ቀዳዳ ያለው ወይስ የሌለው?

የአውቶሞቲቭ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለምትሉን መልሱ አጭር ነው። የመለማመጃ መኪናችንን የፊት ፍሬን ዲስኮች፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩትንና የፍሬን ሸራ ከሁለት ጎን ጨብጦ የሚያቆማቸውን ክብ ብረቶች ቀየርን። በቃ፣ ሁለት ዲስክ። የድራማ ክበብ መድረክ ላይ ሲጨበጨብለት፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኙን ሲቆጥር፣ የኛ ልጆች እጃቸው ጠቁሮ ዲስኩ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ግን ደስ ይል ስለነበር ትንሽ ላውራችሁ።

ነገሩ የጀመረው መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ነው። ፍሬን ሲያዝ መሪው ይርገበገባል፣ ፔዳሉም እግርን መልሶ ይገፋል። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዲስኩ ተጣሟል» አለ። መካኒክም ሹፌርም እንደዚህ ነው የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተጣመመ ነገር የለም። ወይ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ወይ የሸራው ቅሪት አንዱ ጋ በዝቶ ተለጥፏል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የሚሊሜትር ሁለት ሦስት መቶኛ ከሆነ ግን እግር ይሰማዋል።

ስለዚህ መለካት ግድ ሆነ። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሁለት መንጋጋው ነክሶ ውፍረት የሚለካውን ቬርኒየር ይዛ ለካችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው!» አለች። ወዲህ ነው ነገሩ። ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ዳር ሳይበላ ይቀርና እንደ ከንፈር ብቅ ይላል፤ ቬርኒየሩ የሚነክሰው ያንን ከንፈር እንጂ የተበላውን መሀሉን አይደለም። በማይክሮሜትር ከዳሩ ገባ እያልን ዙሪያውን ስንለካው ሌላ ጉድ ወጣ። አዲስ ሳለ 22 ሚሊሜትር የነበረው ዲስክ አንዳንድ ቦታ 20.2 ደርሷል። ከዚህ በታች አትጠቀሙ የሚለው ልክ ዲስኩ ላይ ራሱ ተቀርጿል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስታነሱት ቁጥሩ ይታያል፣ የኛው 20 ይላል። ቶርኖ ቤት ወስደን እናስልገው ያሉ ነበሩ። ተልጎ ሲስተካከል ከ20 ሊወርድ ነው፣ ባይወርድ እንኳ ትንሽ እንደተነዳ ይደርስበታል። ያ ሐሳብ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ግማሹ ክበብ የተበሳ ዲስክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። በስልካቸው ፎቶ ሰብስበው መጡ። በቸርኬው መሀል ሲታይ ያምራል፣ አልዋሽም። «ውድድር መኪና ላይ አለ» የሚል ነው ዋናው ማስረጃ። እውነት ነው፣ ዲስክ ፍሬን ራሱ ስሙ የገነነው በውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በዲስክ ፍሬን «ለ ማን» (Le Mans) የተባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ አብዛኞቹ ተፎካካሪዎቹ ገና በታምቡር፣ ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ በሚይዘው ፍሬን ነበሩ። ነገር ግን የውድድር ቡድን ዲስኩ መሰንጠቅ ሲጀምር አውጥቶ ይጥለዋል፣ የቤት መኪና ዲስክ ዓመታት ነው የሚጠበቅበት። ቀዳዳው ድሮ የመጣው ሸራ ሲግል የሚወጣውን ጋዝ ለማስተንፈስ ነው። የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ የለውም። ዝናብ ላይ ውሃውን ቶሎ መግፋቱ ይጠቅማል፣ ይህን አልክድም። ሙቀት ሲደጋገም ግን ስንጥቁ የሚነሳው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ከመፍረድ ሰሌዳ ላይ አወጣነው። 1200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትበር የያዘችው ኃይል 463 ኪሎጁል ገደማ ነው። ሲቆም ያ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። 70 በመቶውን የፊቶቹ ይወስዳሉ እንበል፣ እያንዳንዱ ዲስክም 6 ኪሎ ይሁን። አንድ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ ማቆም ዲስኩን ቢያሞቀው 60 ዲግሪ ያህል ነው። የከተማ መንዳት ማለት ይኸው ነው። ሁለተኛው ስሌት ነው ክፍሉን ጸጥ ያሰኘው። ያችው መኪና 500 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ብትወርድ መጥፋት ያለበት ኃይል 5.9 ሜጋጁል ይጠጋል፤ አየሩና ጎማው ከሚወስዱት በቀር ሁሉንም በፍሬን ከያዛችሁት፣ ከ100 ላይ ከ12 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደማቆም ነው። ያንን ሙቀት የሚሸከመው የብረቱ ክብደት ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በሁለቱ ገጾች መሀል የሚነፍሰው አየር። ስትበሱት ከብረቱ ትቀንሳላችሁ። በነገራችን ላይ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ፣ ይህ ምንም ዲስክ አያስገዛም።

የቀዳዳ ወገን ሲሸነፍ ወደ ትልቅ ዲስክ ዞረ። ትልቅ ዲስክ ሸራው የሚይዝበትን ክንድ ያረዝማል፣ ሙቀትም ይችላል። መኪናን መሬት ላይ የሚይዛት ግን ጎማ ነው። ያለው ፍሬን ኤቢኤሱን (ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለውን) እስኪቀሰቅስ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ትልቁ የማቆሚያውን ርቀት አያሳጥረውም። ቸርኬው ውስጥ አልገባም ሊልም ይችላል። ፊቱ ላይ መስመር የተቦረቦረበትን ዲስክም አየን፤ የሸራውን ገጽ ያጸዳል፣ ግን ሸራ ይበላል፣ ይጮኻልም። እንደ ተራ ነጂ አያስፈልገኝም ባይ ነኝ።

የገዛነው እንግዲህ ማንም ፎቶ የማያነሳው ዓይነት ነው። ፊቱ ሊሾ፣ መሀሉ አየር የሚያሳልፍ፣ ተራ ካስት አይረን፣ ሸራ የማይነካው ክፍሉ ፀረ ዝገት የተቀባ። ከአሮጌው ጋር አስተያየነው፦ የዙሪያው ስፋት፣ ውፍረት፣ የቆቡ (ከመሀሉ ብቅ ያለው ክፍል) ከፍታ፣ የመሀሉ ቀዳዳ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ። የቆቡ ከፍታ በጥቂት ሚሊሜትር ቢለይ ዲስኩ ሸራውን በሚይዘው ካሊፐር መሀል ላይ አይቀመጥም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 90 ማረጋገጫም ተቀርጾበታል። አንዱን ብቻ መቀየር አይታሰብም፤ በአንድ አክስል ላይ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፣ ሸራውም አዲስ ይሆናል።

መግጠሙ ላይ ያየነው ነገር ከምርጫው እኩል ያስገርማል። ከፋብሪካ የመጣውን ዘይት በፍሬን ማጽጃ አጠብን፣ አዲሱን ዲስክ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት መሀል) ላይ አስቀምጠን በዳዶ አጥብቀን፣ ሲዞር መወላገዱን በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ጌጅ ደገንበት። መርፌው 0.11 ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ አለ። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት 0.05 አካባቢ ነው። ልጆቹ ወዲያው «የተጭበረበረ ዕቃ ነው፣ ይመለስ» አሉ። ዲስኩን አውጥተን ሞዞውን ስንዳስሰው አንድ ጎኑ ላይ ጥፍር የምታክል የዝገት ቅርፊት አለች። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን መልሰን ስናስር 0.03። አዲስ ዲስክ ገጥሞ በወሩ መርገብገብ የሚጀምረው ስንቱ ሰው ጥፋቱን ዲስኩ ላይ እንደሚያላክክ ገምቱ። ዳዶውን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) በመስቀለኛ ነው ያጠበቅነው፤ አንድ ጎን አብዝቶ ማጥበቅ ያንኑ መወላገድ ይመልሰዋል።

ሸራና ዲስክ ለማላመድ የትምህርት ቤቱ ሹፌር ሰው በሌለበት መንገድ በሰዓት ከ50 ወደ 10 ኪሎሜትር ለስለስ እያለ እየያዘ፣ በመሀል እያስነፈሰ ደጋገመው። ሙሉ በሙሉ ማቆም አልፈቀድንም፤ የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆመ አሻራውን ዲስኩ ላይ ይተዋል። አሁን መሪው ጸጥ ብሏል።

ለከርሞ የኋላውን ታምቡር እንከፍታለን። ምዝገባ ሲጀመር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ስትመጡ አሮጌ ልብስና ማስክ ያዙ፤ የፍሬን ብናኝን በአየር እየነፉ ማጽዳት ክልክል ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈም ለእናቶቻችሁ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።