ስካነሩ ይቆይ፤ መዝገቡን አስቀድሚ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሐይቅ ከተማ ባለችው ትንሽ ሙዚየም የሰነድ ክፍሉን ተረክበሽ፣ ሥራው በስካነር ግዥ ሊጀመር ነው ማለትሽ አሳስቦኛል። ስካነሩ ይቆይ። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ አንድ ወፍራም ጥራዝ መዝገብና እርሳስ ነው።

የእድር መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የሠርግ ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ከመሄዱ በፊት ጠይቂው። ከማን እጅ ወጣ? የት ተቀምጦ ኖረ? ፎቶው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ስጦታ ነው ወይስ አደራ፣ አደራ ከሆነስ እስከ መቼ? መልሱን አስፍሪና አስፈርሚው። ዛሬ ያልተጠየቀ ስም ነገ የሚያውቀው ሰው አይገኝም። ቁጥሩ 2018-014-003 ዓይነት ይሁን፤ ዓመቱ፣ የዓመቱ ስንተኛ ርክክብ፣ ከዚያ ስንተኛ ሰነድ። በወረቀቱ ጀርባ ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፊው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ገጽ ይሰርጋል። ከአንድ ቤት የመጣውንም በየርዕሱ አትበትኚው። ደረሰኙ የማን እንደሆነ የሚናገረው አብሮት የተቀመጠው ወረቀት ነው።

ብዙ ስሕተት የሚገባው በቀን ላይ ነው። በወሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ዓመተ ምሕረት፣ ሂጅራና የፈረንጅ ቀን ተደባልቀው ታገኛለሽ፤ በዓረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛም፣ ዓጀሙ፣ አይጠፋም። ሰነዱ እንዳለው ገልብጪ፤ ስሌትሽን በሌላ ዓምድ አድርጊ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ አንድ ቋሚ ቁጥር በመደመር አይመለስም። ዓመቱ የተሰየመበት ወንጌላዊ ከተጠቀሰ ግን ጥሩ ማመሳከሪያ አለሽ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረሽ ለ4 አካፍዪ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1966 ማርቆስ ነው። በዚያ ዓመት ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ «ዘመነ ሉቃስ» ካለ አንዱ ተሳስቷልና ሁለቱንም መዝግቢ። «አምባሰል አውራጃ» የሚለውንም ወደ ወረዳ አታርሚ፤ ወሰኑ ያው አይደለም።

የስቴፕለር ሽቦ በክረምት ይዝግና ወረቀቱን ይበላል። እግሮቹን ከጀርባ ቀና አድርገሽ አውጪው እንጂ አትጎትቺ። ላስቲክ ደርቆ ይጣበቃል። በምትኩ ታጥቦ ሙጫው የለቀቀ ነጭ አቡጀዲ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቀደሽ እሰሪበት። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም ሆነ ላሚኔት ማድረግ ክልክል ይሁን፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይሰርጋል፣ ላሚኔት ደግሞ መመለሻ የለውም። ብራና ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይኮማተራል።

መደርደሪያው ከወለል 15፣ ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ይዘዋወራል፣ የምስጥ መንገድም ቶሎ ይታያል። የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። ጉም ሲወርድ መስኮቱን ዝጊ፣ ፀሐይ ስትወጣ ክፈቺ። የሻገተ ከመጣ ለብቻው አድርቂና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። በእርጥብ ጨርቅ ከነካሽው ይዛመታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስካነሩ ይምጣ። ለጽሑፍ 400፣ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሡ ነጥቦች ብዛት)፣ የምስሉን ጥራት በማይቀንሰው በቲፍ ፋይል። ጀርባውም ይነሣ፤ የፋይሉ ስም የመዝገቡ ቁጥር ይሁን። ቅጂው ሦስት ሆኖ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ የመዝገቡም ፎቶ አብሮ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ታውቂያለሽ። ዝርዝሩ ሌላ ቦታ የሌለ ቤት ከተዘረፈ ምን እንደጠፋበት እንኳ ተናግሮ ማስፈለግ አይችልም።

ለርክክቡ የሚሆን ቅጽ አዘጋጅቼ በሚቀጥለው ሰው እልክልሻለሁ። የሙዚየሙን ስም ብቻ ሙዪበት።

አባትሽ፣ ከደሴ