የሳንባ ካንሰር ምስልና የዘረመል ውጤት ጎን ለጎን ይነበቡ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በካንሰር ሕክምና ስላለው ድርሻ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለብዙኃኑ አንባቢ የሚከብድን ጉዳይ አቅልሎ ማቅረቡ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ኮምፒውተር የሲቲ ስካን ምስል አይቶ ብቻ የሳንባ ካንሰርን የዘረመል ለውጥ ስለሚለይ በመርፌ ናሙና መውሰድ ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ የሚያስመስለው ክፍል ሳይታረም ቢታለፍ ታማሚዎችን ሊጎዳ ይችላል ብዬ አምናለሁ። የራዲዮሎጂ ሐኪም እንደመሆኔ የምስልን ዋጋ አሳንሼ የምናገርበት ምክንያት የለኝም፤ ነገር ግን ምስል የሚመልሰውን ጥያቄ ከማይመልሰው መለየት ያስፈልጋል።

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከየትኛውም የካንሰር ዓይነት ይበልጥ ሰው የሚገድል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱበት ይገመታል። በስም አንድ ይሁን እንጂ በባሕርይው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ የሚከሰት ለውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኤኤልኬ የተባለው ዘረመል ከሌላ ዘረመል ጋር መጣመሩ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የካንሰሩ ዋና አንቀሳቃሽ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፣ እነዚህን ለውጦች ዒላማ የሚያደርጉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሕክምናው ውስጥ ጽኑ ቦታ ይዘዋል። ስለዚህ የትኛው ታማሚ የትኛው ለውጥ እንዳለበት የማወቁ ነገር ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የመድኃኒት ማዘዣው የሚጻፈው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነውና።

በምስሉና በዘረመሉ መካከል ዝምድና መኖሩ እውነት ነው። የኢጂኤፍአር ለውጥ ያለባቸው ዕጢዎች በሲቲ ስካን ላይ ብዙ ጊዜ በደብዛዛ መስታወት ውስጥ የሚታይ የሚመስል ስስ ጥላ አላቸው፤ በጥላው ውስጥ የሚያልፉት የደም ሥሮች ሳይሸፈኑ ይታያሉ። የኤኤልኬ ለውጥ ያለባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ናቸው። ልምድ ያለው ሐኪም ይህን በዓይኑ ይገምታል፤ ራዲዮሚክስ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ዓይን የማይለየውን የጥላ፣ የቅርጽና የጠርዝ ልዩነት በቁጥር ለክቶ ለኮምፒውተሩ ያቀርባል። ይሁንና የሚገኘው መልስ ያው ግምት ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት በወረቀት ላይ ማስላት ይበቃል። ለውጡ ካለባቸው ታማሚዎች 80 በመቶውን፣ ከሌለባቸውም 80 በመቶውን በትክክል የሚለይ ፕሮግራም አለ እንበል። ከ100 ታማሚዎች ለውጡ ያለባቸው 15 ብቻ ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ 12ቱን አግኝቶ 3ቱን ይስታል፤ ለውጡ ከሌለባቸው 85 ሰዎች መካከል ደግሞ 17ቱን በስሕተት «አለባቸው» ይላል። አለባቸው ከተባሉት 29 ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሌለባቸው ናቸው ማለት ነው። ያው ፕሮግራም ለውጡ በግማሹ ታማሚ ላይ በሚገኝበት ሕዝብ መካከል ቢሠራ ግን «አለባቸው» ካላቸው አምስት ሰዎች በአራቱ ላይ ልክ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት በእውኑ ዓለም ያለ ነው፦ አዴኖካርሲኖማ በተባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት የኢጂኤፍአር ለውጥ የሚገኘው በምሥራቅ እስያ ወደ ግማሽ በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ሲሆን፣ የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ዘንድ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። በአንዱ ሕዝብ መረጃ ተሠርቶ የተመሰገነ ፕሮግራም በሌላው ዘንድ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ ቢውል የሚያስከትለውን ከዚህ መገመት አይከብድም።

የስሕተቱ ዋጋም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው አይፓስ የተሰኘው ጥናት እንዳሳየው፣ ጌፊቲኒብ የተባለው መድኃኒት ለውጡ ላለባቸው ታማሚዎች ከኬሞቴራፒ የተሻለ ውጤት ሲሰጥ፣ ለውጡ በሌለባቸው ላይ ግን በሽታው ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ይልቅ ፈጥኖ ገስግሷል። መድኃኒቱ አንድ፣ በሽታውም በስም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የዘረመል ምርመራው ውጤት ነው።

በዚህ ላይ የማሽኑ ነገር አለ። የዚያው ዕጢ ምስል በ1 ሚሊ ሜትርና በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ ሲቀርብ ኮምፒውተሩ የሚለካቸው ቁጥሮች ይለያያሉ፤ ምስሉን የሚያቀናብረው ሶፍትዌር ሲለወጥም እንዲሁ። ካልተጠነቀቁ ፕሮግራሙ በሽታውን ትቶ ማሽኑን ሊማር ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው ሁለቱን መረጃዎች ማጣመርን ለመቃወም አይደለም፤ እንዲያውም በናሙና ብቻ መመራትም የራሱ ጉድለት አለው። መርፌ የሚያወጣው ከአንድ ቦታ የተቆረጠ ቅንጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ውጤቱን ያወጣው ትሬሰርኤክስ የተባለው የብሪታንያ ጥናት የ100 ታማሚዎችን ዕጢዎች ከተለያየ ቦታ ናሙና እየወሰደ ሲመረምር፣ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ የዘረመል ለውጦች ከቦታ ቦታ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ምስል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መካከሉ የሞተ ትልቅ ዕጢ ሲያጋጥም፣ ሕይወት ያለው ክፍል የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ፔት ስካን የተባለው የምስል ምርመራ ስለሚያሳይ መርፌው ወደዚያ ይመራል። አለበለዚያ ታማሚው ሳንባው አየር አፍስሶ እንዲኮማተር እስከማድረግ የሚደርሰውን የመርፌውን አደጋ ተቀብሎ፣ ለዘረመል ምርመራ የማይበቃ የሞተ ሥጋ ብቻ ሊወጣለት ይችላል።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ቢሆን የሁለቱ ትብብር ይቀጥላል። ኢጂኤፍአርን ዒላማ ያደረጉትን የቀድሞ መድኃኒቶች ወስደው በሽታው ከተባባሰባቸው ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም የተባለ ተጨማሪ ለውጥ ይገኛል፤ ለእርሱም ኦሲመርቲኒብ የተባለ መድኃኒት አለ። በሳንባው ያለው ዕጢ እየቀነሰ በጉበት ላይ ያለው ሲያድግ፣ ናሙና መወሰድ ያለበት ከሚያድገው ነው። በደም ውስጥ የሚገኘውን የካንሰር ዲኤንኤ የሚፈልገው ምርመራ ምንም አላገኘሁም ሲልም፣ በምስሉ ላይ ያለው በሽታ ጥቂት ከሆነ ውጤቱ ብዙም የሚያጽናና አይደለም፤ ትንሽ ዕጢ ወደ ደም የሚለቀው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላልና።

የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣው ኢሚውኖቴራፒ ለማን እንደሚሠራ በመተንበይ ረገድም ተስፋ ሰጪ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሜሪካው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የወጣ ጥናት የ247 ታማሚዎችን የሲቲ ምስል፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የፓቶሎጂ ስላይድና የዘረመል ውጤት ሲያጣምር፣ ትንበያው እያንዳንዱ መረጃ ለብቻው ከሚሰጠው የተሻለ ሆኗል። በእኔ ግምት ትክክለኛው አቅጣጫ ይህ ነው፤ የተጠኑት ሰዎች ከአንድ ማዕከል የመጡ መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም።

እስከዚያው ድረስ ያለ አንዳች አዲስ ፕሮግራም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ናሙና የሚወስደው ሐኪም ከየትኛው ዕጢ፣ ከየትኛው ጠርዝ እንደወሰደ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ የዘረመል ውጤቱም ይህንኑ ይዞ ይመለስ። «የሳንባ ናሙና» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ውጤት ሦስት ዕጢ ላለበት ታማሚ የትኛውን እንደሚመለከት ከወራት በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የምስል ክፍሎችም ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ቀጫጭኖቹን የሲቲ ቁርጦች ሰርዘው ወፍራሞቹን ብቻ ባያስቀሩ መልካም ነው። ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸውም የምስሉን ንባብ የያዘውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ምስሉን ራሱን በሲዲ ጠይቀው ይያዙ፤ በምስል ግምት ላይ ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት ሲታዘዝላቸውም የዘረመል ምርመራው ለምን እንዳልተሠራ ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም