መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በኤክሴል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ዲጂታል ትምህርት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት የኮምፒውተርና የኢንተርኔት እጥረትን ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝና አንድ ትንሽ ነገር ላንሳ፤ ግራፍን።

አሁን አሁን ላብ ሪፖርት ሲታዘዙ ግራፉን በእጃቸው የሚሠሩ ተማሪዎች እያነሱ ነው። ስልካቸው ላይ ኤክሴል አለ፣ ጂኦጀብራ የሚባለው ግራፍ የሚሠራ የሒሳብ መተግበሪያም አለ። ቁጥሩን አስገብተው ነካ ሲያደርጉት ግራፉ ዱብ ይላል፤ ቀለሙ ሳይቀር ያምራል።

የፔንዱለምን፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ጠጠርን ሙከራ ውሰዱ። ክር፣ ጠጠርና የስልክ ሰዓት ይበቃል። የክሩን ርዝመት 10፣ 20፣ 40 እና 80 ሳንቲሜትር እያደረግን አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ እንለካለን። 0.63፣ 0.90፣ 1.27 እና 1.79 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ግራፍ ወረቀት ላይ ሲሠራ መስመሩ መጀመሪያ ቶሎ ይወጣና እየለዘበ ይሄዳል። ኤክሴል ላይ ግን ተማሪው «ላይን» የሚለውን ቻርት ከመረጠ ነገር ይበላሻል። ፕሮግራሙ ርዝመቶቹን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ስም ይወስዳቸዋል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እንደማለት። እኩል አራርቆ ይደረድራቸዋል። ኩርባው ይገለበጥና መለዘብ የነበረበት መስመር ወደ ላይ እየሾለ ይወጣል። ልጁም «ክሩ በረዘመ ቁጥር ጊዜው በባሰ ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ጽፎ ያስረክባል።

ነጥቦቹን እንደ ቁጥራቸው አራርቆ የሚያስቀምጠውን «ስካተር» የሚለውን ቻርት ቢመርጥ ኖሮ ልክ ይመጣለት ነበር። ግን ለምን እሱን እንደሚመርጥ በምን ያውቃል? ከ20 እስከ 40 ያለው ርቀት ከ10 እስከ 20 ካለው እጥፍ መሆኑን ካሬ በካሬ ቆጥሮ የሚያውቅ ልጅ ስክሪኑን ሲያይ «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ይላል።

በእጅ ሲሠራ ዋናው ሥራ ስኬል መምረጥ ነው። አንድ ካሬ 0.1 ሰከንድ ይሁን? 0.3 ቢሆን 0.63 የት ላይ ያርፋል? እዚህ ጋ ነው ልጆቹ የሚከራከሩት፣ የሚያጠፉት፣ የሚደግሙት። ቀጥሎ የጊዜውን ስኩዌር እንዲወስዱ እነግራቸዋለሁ። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፤ ከስሎፑም (ከመስመሩ ዘንበላ) የመሬት ስበት ይገኛል። (አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከፍታ ላይ ስላለች ከ9.8 ትንሽ ያንሳል፤ በእኛ የሰዓት አያያዝ ግን አይታወቅም።)

ትሬንድላይንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ በነጥቦቹ መሃል በራሱ የሚያሰምረው መስመር፣ እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የቁጥር ስብስቦች አዘጋጅቶ ነበር። አማካያቸው አንድ ነው፤ የሚወጣላቸውም ቀጥታ መስመር አንድ ነው። ግራፋቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም፤ አንዱ ጭራሽ ኩርባ ነው። መስመሩን ብቻ የሚያይ ልጅ አራቱንም አንድ ናቸው ብሎ ያልፋል።

በእጅ መሥራትንም ዝም ብለን አናሞግሰው። ስንቱ ክፍለ ጊዜ አክሲስ በማስመር አልቋል! ፊዚክሱን ትቶ የእርሳሱን ጥራት የሚያርም መምህርም ሞልቷል። 200 ነጥብ በእጅ ሥሩ ማለት ደግሞ ቅጣት ነው። የሳይን ግራፍን ጂኦጀብራ ላይ እየጎተቱ ሲያሰፉትና ሲያጠቡት የሚገባቸውን ያህል እኔ ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ብስል አይገባቸውም።

ስለዚህ ስልኩን እንንጠቅ አልልም። ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው። ተማሪው ኤክሴሉን ከመክፈቱ በፊት ግራፉ ምን ሊመስል እንደሚችል በግምት ይንደፍ፤ ማርክም ይያዝለት። ማርክ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፣ ግራፍ ሳሉ አይልም። «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚለኝ ተማሪ ላይ አልፈርድበትም።

የመማሪያ መጽሐፍ ለሚያዘጋጁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ክፍተታቸው እኩል ያልሆነ ቁጥሮች ያሉባቸውን ሰንጠረዦች አብዙልን። 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ የሚሄድ ሰንጠረዥ ላይ «ላይን»ም «ስካተር»ም አንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚያወጡ፣ ተማሪው መሳሳቱን እሱም እኔም አናውቅም።

አንድ የፊዚክስ መምህር
ከአዲስ አበባ