ጥናቱ ከዕቅዱ በፊት ይድረስ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በዞናችን የተሠሩ የጤና ጥናቶች የወረዳ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። የወረዳዎች ዓመታዊ የጤና ዕቅድ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዞናችን የተሠሩ ጥናቶች ቀርበው ይታዩ። ያጠናውና የሚወስነው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገሩ። ዕቅዱም ላይ ትልልቅ ውሳኔዎች በየትኛው ማስረጃ እንደተወሰኑ ይጻፍ። የምለምነው ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ቆላ ወረዳ ውስጥ በጤና ጣቢያ ያገለገልኩ ባለሙያ ነኝ። የቆላ ሰው የወባን መድኃኒት ታሪክ በስም ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ሸምገል ያሉ ገበሬ ብትጠይቁ፣ መጀመሪያ ክሎሮኪን፣ ቀጥሎ ፋንሲዳር፣ አሁን ኮአርተም ብለው ይቆጥሩላችኋል። መድኃኒቱ ለምን እንደተቀያየረ ግን የነገራቸው የለም። እኔ ሁሌም የምደነቀው በዚህ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 በአገሪቱ 18 ቦታዎች ላይ ክሎሮኪን የወሰዱ ሕሙማን ክትትል ተደረገላቸው። ሰዎቹ ክኒኑን ከዋጡ በኋላ እየተመላለሱ የጣት ደማቸው በማይክሮስኮፕ ታየ። ፋልሲፓረም በተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ላይ መድኃኒቱ በአማካይ በ65 በመቶዎቹ አልሠራም። ስለዚህ በፋንሲዳር ተተካ። በ2003 ያው ጥያቄ በ11 ቦታዎች እንደገና ተጠየቀ። ፋንሲዳርም በአማካይ በ36 በመቶዎቹ ላይ ከሸፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004፣ ኮአርተም ገባ። ክሎሮኪንም ጨርሶ አልተጣለም፤ ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት እስከ ዛሬ ይታዘዛል። ማስረጃው የቱ ላይ እንደሚሠራና የቱ ላይ እንደማይሠራ ለይቶ ነበርና።

ያ የሕሙማን ክትትል ባይኖር ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ታማሚው ትኩሳቱ ሲመለስበት "መድኃኒቱን በትክክል አልጨረስክም" ብለን እንቆጣው ነበር። ያንኑ ክኒን ደግመን ሰጥተን እንሸኘው ነበር። ሕፃናት እየሞቱብን ጥፋቱን በእናቶቻቸው ላይ እናሳብብ ነበር።

አሁን ወደ ደጋው ልውጣ። የመንዝና የደብረ ብርሃን ብርድ የሚያመጣብንን የሕፃናት የሳንባ ምች ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ላይ ተተንትነው ታተሙ። ሰልጥነው መንደር ውስጥ ያሉ ሠራተኞች የሳንባ ምችን ለይተው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሰጡ፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በዚህ በሽታ የሚደርሰው ሞት በ36 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዘመን አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረች። ነገር ግን ኤክስቴንሽኗ ይህን መድኃኒት እንድትሰጥ አልተፈቀደላትም። ሕፃኑን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። እናት ደግሞ ልጇን አዝላ፣ ገደል ወርዳ ገደል ወጥታ መሄድ አለባት። የተፈቀደው በ2010 ነው። ማስረጃው ከታተመ ከ7 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዘግየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። መድኃኒቱ ያለ አግባብ ይባክናል፣ ተሕዋስያኑ ይለምዱታል የሚል ስጋት ነበር፤ ስጋቱም እውነት አለው። ቢሆንም 7 ዓመት ለአንድ ሕፃን ዕድሜ ልክ ነው።

አንዱ በዓመት ሌላው በ7 ዓመት የተወሰነው ለምንድን ነው? በእኔ አመለካከት ዋናው ምክንያት ቅርበት ነው። የወባው ጥናት የተሠራው እዚሁ፣ በእኛው ሕሙማን ላይ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱም ነበረበት። ውጤቱን የሚጠብቅ ወሳኝ ነበረው። የሳንባ ምች ማስረጃ ግን ከሩቅ የመጣ፣ በውጭ መጽሔት የታተመ ወረቀት ነበር። እዚህ ደግሞ "ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው?" ብሎ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገው ነበር።

ዛሬ ዞናችን ውስጥ የምናየው ይህንኑ ክፍተት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለን። የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አጠገባችሁ ነው። ተማሪዎችና መምህራን በየወረዳው ወርደው ያጠናሉ። እኔ በነበርኩበት ጤና ጣቢያም መረጃ ሰብሳቢዎች መጠይቅ ይዘው ይመጡ ነበር። እናቶች ሥራ ፈትተው ይመልሱላቸዋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይጠፋል። "ያ የጠየቃችሁን ነገር ምን ደረሰ?" ብለው የሚጠይቁኝ ሴቶች ነበሩ። የምመልስላቸው አልነበረኝም። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሄዷል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንኳ አላየውም።

በአጥኚዎቹም በኩል የምለው አለኝ። አብዛኛው ጥናት ርዕሱ አንድ ዓይነት ነው፤ የአንድ በሽታ "ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች"። መነሻ ለመያዝ ይጠቅማል። ዕቅድ ለሚያወጣ ሰው ግን ግማሽ መንገድ ነው። እሱ የሚፈልገው ምን ብናደርግ ይሻላል የሚለውን ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በክልላችን፣ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ተሠርቷል። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ መሄድ የሚያመጣው የእግር እብጠት ያለባቸው 696 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን እግር ማጠብን፣ ቆዳን መንከባከብን፣ ፋሻን፣ ካልሲና ጫማን ወዲያው አገኘ። ሌላው ቆይቶ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ እግርን አሳብጦ ከአልጋ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም ባልጀመሩት ላይ ለአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲነሳ፣ በጀመሩት ላይ ወደ 19.4 ወርዷል። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ግን እውነተኛ ነው። ሳሙናና ጫማ የሚገዛ በጀት ያዥ ምን ያህል ውጤት እንደሚጠብቅ ያውቃል።

እኛ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ደግሞ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የከተማ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። ከዚያ ወዲህ ለዞናችን ወረዳዎች ለምንጃርና ለበረኸት ሩቅ ባልሆነችው አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር አጥኚዎች አገናኝተዋታል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ አጎበርና የቤት ለቤት ርጭት ብቻ አይመክታትም። የምንጃሯ ከተማ አረርቲ እየተገነባች ነው። ሸዋ ሮቢትም ሰው ውኃ ያጠራቅማል። የእነዚህን ከተሞች በርሜሎች በየወቅቱ ማየት ለካምፓሱ ተማሪዎች ከባድ ሥራ አይደለም። ጥያቄው ከእናንተ ቢመጣ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ለሕዝብ ይጠቅም ነበር።

ደጋ ነን ብለን እንዳንዘናጋም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ማዕከላዊው ደጋ ወጥታ፣ በሽታውን የመቋቋም አቅም በሌለው ሕዝብ ላይ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመችና 150,000 ሰው እንደገደለች ይገመታል። በ2024ም ጥቅምት ሳያልቅ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙ ተመዝግቧል።

በጦርነት የተጎዱ ጤና ተቋማት፣ የተፈናቀለ ሕዝብና የሳሳ በጀት ይዛችሁ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። "ጥናት የምናነብበት ጊዜ የት አለን?" ብትሉ አይገርመኝም። ነገር ግን ያለችው አንዲት መኪና ቆላው ቀወት ትሂድ ወይስ ደጋው መንዝ ጌራ የሚለውን የምትወስኑት እናንተው ናችሁ። የአገር አቀፍ አማካይ ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። ከአዋሽ ሸለቆ ጠርዝ እስከ ጓሳ ውርጭ ለተዘረጋ ዞን አማካይ የሚባል ወረዳ የለም።

ስለዚህ በግንቦት፣ ዕቅዱ ሳይታሰር፣ አንድ ቀን መድቡ። ሆቴል አያስፈልገውም፤ የመምሪያው አዳራሽ ይበቃል። እያንዳንዱ አጥኚ ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ያቅርብ። ተሞክሮ ውጤት አላመጣም የተባለውም ይቅረብ፤ እሱም ገንዘብ ያድናል። የወረዳ ኃላፊዎች በተራቸው መልስ የሚሹ ጥያቄዎቻቸውን ለካምፓሱ ይስጡ። ውጤቱ ደግሞ መጠይቁን ለመለሱት እናቶች በኤክስቴንሽኗ በኩል ይመለስ። ከጤና ኬላ የሚመጣው ሪፖርትም እንዲታመን፣ ዝቅተኛ ቁጥር የላከች ሠራተኛ አትወቀስ። ወቀሳ የፈራች ሠራተኛ የምትልከው ቁጥር ዕቅዱን ያሳስታል።

እኔ በበኩሌ ስለ ወባ የተሠሩትን ጥናቶች በአማርኛ አሳጥሬ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። አበል አልጠይቅም። ቀኑን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
በደብረ ብርሃን ነዋሪ የሆነ የጤና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለአማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ