ደብዳቤ ለልጄ፦ ፊትሽና አንገትሽ እንዳይጣሉ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው። አባትሽ ጋቢውን ደርቦ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጧል። «ጻፊላት፤ ግን አትቆጫት» ይለኛል። እኔ ደግሞ የተቀመጥኩት ልቆጣሽ ነው።

የአጎትሽ ልጅ ሸዋ ሮቢት አንቺ ጋ አድራ መጣች። መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን አወራችኝ። ሥራው ተስማምቷታል፣ ባንክ ቤት ሁሉም ይወዷታል፣ ወፈር ብላለች አለችኝ። ደስ አለኝ። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለች። «ምነው?» ብላት «ምንም» አለች። መች ለቀቅኳት! «ፊቷ ቀልቷል፤ አንገቷ ግን የድሮው ነው» አለችኝ በመጨረሻ። መስታወትሽ ሥር ምንም ያልተጻፈባት ነጭ የክሬም ዕቃ አይታለች። እሷን እንዳትቀየሚያት። ጎትጉቼ ነው ያወጣጣኋት።

እንግዲህ ስሚኝ። ስም የሌለው ክሬም ፊትሽ ላይ እንዳትቀቢ።

«ሁሉም ሴት ይቀባዋል» እንዳትዪኝ። ፀጉር ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ማን ቀላቅሎ ማን እንደሚሸጠው አውቃለሁ። በሁለት ሳምንት ፊት የሚያቀላ ነገር ጤና አይደለም። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ በኩል አብሮሽ ለሚኖር ሰውም ይተርፋል። አንዳንዱ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ መድኃኒት አለ። ሐኪም ለቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው ነው። ፊት ላይ ሲከርም ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር በብጉር ያደርጋል። ሃይድሮኪኖን የሚሉትም አለ። ያለ ሐኪም ዓመት ዓመት ሲቀቡት ዞሮ ያጠቁራል፤ ያውም ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት።

ልጅ ሆነሽ «አክስቴ ለምን ሁልጊዜ ትከናነባለች?» ትዪኝ ነበር። «ብርድ አይስማማትም» እልሽ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነሽና ልንገርሽ።

አክስትሽ ከሁላችንም ቆንጆዋ ነበረች። ጠይም፣ ዓሣ መሳይ። ልታገባ ወራት ሲቀሯት ጎረቤት አንዲት ዕቃ ክሬም አመጣችላት። እሷም ላይዋ ላይ ምንም አልተጻፈባትም። ፊቷ በራ። ለሠርጉ የመጣው ሁሉ «እንዴት ቀላች!» አለ። እሷም ደስ አላት፣ እኛም ደስ አለን። ከሠርጉ በኋላ ክሬሙ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ፊቷ እሳት ሆነ። ቀላ፣ ተላጠ፣ አበጠ። እሱን ለማብረድ ሌላ ዕቃ ገዛች። ደግሞ ሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉንጯ ላይ ያ የምታውቂው አመድማ ጥቁረት ወጣ። ሳሎኔ የምትመጣው ደንበኞች ከወጡ፣ በሩን ገርበብ ካደረግኩ በኋላ ነበር። «ሸፍኚልኝ» ትለኛለች። የቻልኩትን እቀባታለሁ። መስታወቱን ታይና ሳትናገር ነጠላዋን ትስባለች። የክርስትናሽን ፎቶ አውጥተሽ እዪው። ከኋላ ቆማ እስከ አፍንጫዋ የተሸፈነችው እሷ ናት። የገዛ ልጇ ሲዳር እንኳ ፎቶ አልተነሳችም።

ምን ልመክርሽ እንደነበር ጠፋብኝ። አዎ፣ ዕቃዋን። ከዛሬ ጀምሮ አትንኪያት፤ ግን እንዳትጥያት። የቆዳ ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ፤ ምን ስትቀቢ እንደነበር ይይልሽ። ስታቆሚ ፊትሽ ሊቀላና ሊያሳክክሽ ይችላል። ብዙዎቹ ወደ ዕቃው የሚመለሱት እዚያ ላይ ነው። አንቺ እንዳትመለሺ። የሐኪሙን ብር እኔ እልካለሁ። ከማንም እንዳትበደሪ።

ማታ አጎበሩን ታስገቢያለሽ አይደል? ሸዋ ሮቢት ወባ አለ። ሙቀቱን ፈርተሽ እንዳትተዪው።

አሁን ስለ ሜካፑ። አትቀቢ አላልኩም። የብዙ ሙሽራ ፊት የሠራሁ ሴት ልጄን አትኳኳዪ ብላት ማን ይሰማኛል? ግን እዚህ የለመድሽው እዚያ አይሠራም። እኛ ደጋ ነን፤ ቆዳችን ይደርቃል፣ ቅባት ይወዳል። ጣርማበርን ወርደሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ ያለሽው ቆላ ነው። እዚያ ከባድ ፋውንዴሽን፣ ያ ፊትሽን የምታለብሺው ቅብ፣ እስከ ምሳ ሰዓት አንገትሽ ላይ ይወርዳል። ግድግዳ አይደለም የምትለስኚው። ጥቁረት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ጠብ አድርጊ፤ ሌላው የራስሽ ቆዳ ይታይ።

የፋውንዴሽን ቀለም ስትመርጪ እጅሽ ላይ አትሞክሪ። የእጅሽና የፊትሽ ቀለም አንድ አይደለም። ከአገጭሽ ጎን፣ አንገትሽ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ትንሽ ቀቢና ከሱቁ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። የሱቅ አምፖል ውሸታም ነው። ቀለሙ ከጠፋ፣ ያንቺ ነው። ከታየ፣ መልሺው። ሻጯ «ቀላ ያለው ያምርብሻል» ስትልሽ አመስግነሽ ውጪ።

ጠዋት ተጣጥበሽ መጀመሪያ ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያውን ክሬም። ላዩ ላይ ኤስፒኤፍ 30 የሚል ይሁን፣ ቁጥሩ የመከላከል አቅሙ ነው፤ ፋርማሲ አለ። በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ አውጪ። ጠይም ሰው አያስፈልገውም የሚሉሽን አትስሚ። ማድያት የሚብሰው በፀሐይ ነው፤ በእናትሽ ፊት አይተሽዋል። እዚህ እንኳ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን፣ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ይላሉ። ከፍታ ሲጨምር የሚያቃጥለው ጨረር እንደሚጨምር ማን ይንገራቸው። ሰንስክሪኑን ከቀባሽ በኋላ ሻይሽን ጠጪ። ሳይደርቅ ፋውንዴሽን ከደረብሽበት ይንከባለላል።

ፋውንዴሽን የምትቀቢበትን ስፖንጅ ውኃ ነክረሽ ጨምቂው፤ እርጥብ ብቻ ይሁን። ፊትሽን አትጥረጊበት፣ ጫን ጫን አድርጊ። ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ይበቃል። ቀን ሲያልብሽ በላዩ ላይ ሌላ ፓውደር አትጨምሪ። መጀመሪያ ላቡን በሶፍት ተጭነሽ አንሺ፣ ከዚያ ትንሽ።

ቅንድብሽን ከአፍንጫሽ በኩል አትጀምሪ። ያ ነው የተቆጣ ሰው የሚያስመስልሽ። የቅንድብ እርሳሱን ከኋላ ጫፉ ያዥው፤ እጅሽ እንዲቀል። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ጭራው አንድ አንድ ፀጉር የምትስዪ ይመስል አጠር አጠር አድርገሽ አስምሪ። ለፊተኛው በኩል እርሳሱ ላይ የቀረው ይበቃዋል። ከዚያ በታጠበ አሮጌ የማስካራ ብሩሽ አበጥሪው። ብላሽ የሚሉትን የጉንጭ ቀለም አትግዢ። ከሊፕስቲክሽ ጣትሽ ላይ ትንሽ ነክተሽ ጉንጭሽ ላይ መታ መታ አድርጊ፤ ከንፈርና ጉንጭ አንድ ቀለም ሲሆን ያምራል።

ኩልሽን ለማንም እንዳታውሺ፣ የማንንም እንዳትዋሺ። የዓይን በሽታ በመኳያ ይተላለፋል። ማስካራም ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ጣይው፤ ደረቀ ብለሽ ውኃ አትጨምሪበት። የአያትሽን ኩል ይዘሽ መሄድሽን አይቻለሁ። ለመታሰቢያ አስቀምጪው እንጂ አትኳዪው። እንዲህ ያለ የድንጋይ ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱም መርዝ ነው። እሷ አላወቀችም፤ ነፍሷን ይማረው።

ማታ ምንም ያህል ቢደክምሽ ሳትታጠቢ አትተኚ። የዓይንሽን ሜካፕ በቫዝሊን አለስልሺና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፤ አትፈትጊው። ከዚያ ፊትሽን በሳሙና። ስፖንጁንም በየሳምንቱ እጠቢው። የአጎትሽ ልጅ እሱንም ነግራኛለች፤ ጥቁር ሆኗል አሉ። አፈርኩ!

ደግሜ ልንገርሽ። ስም የሌለው ክሬም ፊትሽ ላይ እንዳትቀቢ። ባንክ ቤት ያለች ጓደኛሽ ብትሰጥሽም፣ ከውጭ የመጣ ነው ቢሉሽም፣ ለሠርግ ብቻ ነው ብለሽም። በተለይ ለሠርግ።

ጠይምነትሽን ከአባትሽ ነው የወሰድሽው። እሱን ሳየው ምን እንዳየሁበት ታውቂያለሽ። ይኼን ስጽፍ ከጎኔ ሆኖ እያነበበ ይስቃል።

ቅዳሜ በሚወርደው መኪና ቆሎና በርበሬ እልክልሻለሁ። መናኸሪያ ቀድመሽ ጠብቂ፤ ሾፌሩን አታስቁሚው። አዲስ ፋውንዴሽንም ልጨምርልሽ ብዬ ነበር። ግን የቀባሽው ሳይለቅ ቀለም መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙ ካየሽ በኋላ፣ ጠዋት ተጣጥበሽ፣ መስኮት አጠገብ ቆመሽ ከአገጭሽ እስከ አንገትሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ፊልተር እንዳታደርጊበት፤ አውቀዋለሁ።

ሥላሴ ይጠብቁሽ።

እናትሽ